የበቀልና የክብር ፊልም ስትመርጡ «ሽማግሌው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ

ድሬ ከሰዓት ፀሐይዋ ስትበረታ ሰው የትም አይሄድም አቦ፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ፋኑ ይለቀቃል፣ ሆጃው በፔርሙስ ይመጣል፣ ከዛ ፍላሹን ቲቪው ላይ የሰካው ልጅ ዞር ብሎ «ምን ልክፈት?» ይላል። እኛ ቤት፣ ገንደ ቆሬ ነን፣ መልሱ ከቪዲዮ ቤት ዘመን ጀምሮ አልተቀየረም። የድሮ ዘመን ፊልም፣ ፈረስና ሰይፍ ያለበት፣ አንድ ሰው ቤተሰቡን የገደሉበትን ወይ ስሙን ያጎደፉበትን ፈልጎ የሚያገኝበት። ችግሩ ይሄ አይነት ፊልም ብዙ ነው፣ ፖስተሩም አንድ አይነት ነው፣ ሁሉም ላይ አንድ የተቆጣ ሰው ሰይፍ ይዞ ቆሟል፣ ውስጣቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፣ የማይሆን ሰዓት ላይ የማይሆነውን ከፍታችሁ ሦስት ሰዓት ይባክናል ወይ ደግሞ እናታችሁ አጠገባችሁ ቁጭ ብላ የማይታይ ነገር ይመጣል። ስለዚህ ደጋግሜ ያየኋቸውን እያነፃፀርኩ ልጻፍላችሁ። የፊልሞቹ ዓመት በፈረንጅ ነው፣ የኛን ታሪክ ሳነሳ በኛ አቆጣጠር እላለሁ። መጨረሻቸውን ላለማበላሸት እሞክራለሁ፣ አንዳንዱን ግን ሳልነካው ማለፍ አይቻልም።

መለኪያዬን ያገኘሁት ከጋሼ ነው። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲጣላ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ግላዲያተርን እያየን እሳቸው ከኋላ ፍራሹ ላይ ጋደም ብለው ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ፣ ሰውዬው ቤቱ ሲደርስ ሚስቱና ልጁ ተቃጥለው ተሰቅለው ያገኛቸዋል አይደል፣ እግራቸው ስር ወድቆ ሲያለቅስ ጋሼ ቀና ብለው «ይሄ አገር ሽማግሌ የለውም?» አሉ። ከልባቸው ነው የጠየቁት። እኛ አካባቢ ሰው ሲገደል ደም ከመመለሱ በፊት ሽማግሌ መሀል ይገባል፣ ኦሮሞው ጉማ ይላል፣ ሶማሌው ዲያ ይላል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ቂሙ ለልጅ እንዳይወርስ ቃል ይገባል። ጋሼ እንዲህ አይነት ነገር ላይ ቀንና ሌሊት ቁጭ ብለው ያውቃሉ፣ የሟች አባት «እሺ» እስኪል ድረስ ስንት ጊዜ ተነስቶ እንደሚወጣ ስንት ጊዜ እንደሚለመን አይተዋል። እና ለሳቸው የዚህ ፊልም አስፈሪ ነገር ደሙ ሳይሆን መሀል የሚገባ ሰው መጥፋቱ ነው።

ከዛን ቀን በኋላ እኔ የበቀል ፊልም ሳይ የምጠይቀው ይሄን ነው፣ ሽማግሌው ማነው? አለ? ጠፍቷል? ወይስ አለ ግን ውሸታም ነው? ይሄን ስትጠይቁ ፊልሞቹ ወዲያው ይለያያሉ፣ የትኛው ለየትኛው ምሽት እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ለምን እንደምንወዳቸው ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፉከራ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ፎካሪው ተነስቶ ስሙን ይጠራል፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል፣ ምን እንደሰራ ምን እንደሚሰራ ይናገራል፣ ሰው ሁሉ ፀጉሩ ይቆማል። ግላዲያተር ላይ ሰውዬው አሬናው መሀል የራስ ቁሩን አውልቆ ወደ ንጉሱ ዞሮ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የተገደለ ልጅ አባት የተገደለች ሚስት ባል መሆኑን ሲናገር ፉከራ ነው፣ ከዛ ውጪ ስም የለውም። ቪዲዮ ቤት አግዳሚው ላይ ተጠባብቀን በትርጉም ያየን ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ሰው ተነስቶ ነው የጮኸው፣ አስተርጓሚው ምን እንዳለ እንኳን አልተሰማም፣ ሁሉም ገብቶት ነበር።

እንግዲህ ከሱው እንጀምር። ግላዲያተር በ2000 የወጣ ነው፣ ሪድሊ ስኮት ነው የሰራው፣ ራስል ክሮው ነው ማክሲመስን የሆነው፣ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው፣ ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ 5 ኦስካር ወስዷል። ማንም ሰው ሊያየው ይችላል፣ ለዚህ አይነት ፊልም አዲስ የሆነ ሰው ካለ በዚህ ጀምሩ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ማን በዳይ ማን ተበዳይ እንደሆነ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ታውቃላችሁ ከዛ ልባችሁ ዝም ብሎ ይከተላል። እኔ ሁሌ የማየው ትንሿን ነገር ነው፣ ከያንዳንዱ ውጊያ በፊት ጎንበስ ብሎ አፈር ያነሳል፣ መዳፉ ላይ ያሸዋል፣ ያሸተዋል። ገበሬ ነው ሰውዬው። ሊገድል ሲል እንኳን የሚያሸተው መሬት ነው፣ ቤቱን ነው የሚያስበው። በቀሉ ውስጥ ቤት የመመለስ ናፍቆት ስላለ ነው ከሌላው ተራ የድብድብ ፊልም የሚለየው።

ታሪክ ነው ብላችሁ ግን አትመኑት። ማክሲመስ የሚባል ጄኔራል አልነበረም፣ የተፈጠረ ሰው ነው። የሮም ንጉሶቹ ማርከስ ኦሬሊየስና ልጁ ኮሞደስ እውነት ናቸው፣ ኮሞደስም እውነት አሬና ወርዶ ይዋጋ ነበር፣ የሞተው ግን በ192 መታጠቢያ ቤት ውስጥ ናርሲሰስ የሚባል ታጋይ አንቆት ነው። ሽማግሌውስ? አለ፣ ማርከስ ኦሬሊየስ ራሱ፣ ግን ገና ከመጀመሪያው በገዛ ልጁ እጅ ይሞታል (ፊልሙ ላይ ማለቴ ነው)፣ ከዛ በኋላ አገሩ ላይ መሀል የሚገባ ሰው የለም። በ2024 የወጣውን ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ናፍቆት ካላችሁ እዩት፣ ለብቻው ምረጡ ብዬ አልመክርም።

ከግላዲያተር ጋር ሁሌ የሚነፃፀረው ብሬቭኸርት ነው። 1995፣ ሜል ጊብሰን ራሱ ሰርቶ ራሱ የተወነበት፣ 2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ፣ እሱም 5 ኦስካር ምርጥ ፊልምን ጨምሮ። የስኮትላንዱን ዊልያም ዋላስን ነው የሚያሳየው። ሚስቱን ይገድሉበታል፣ ይበቀላል፣ ግን በቀሉ አንድ ሰፈር ላይ አይቆምም፣ የአገር ጉዳይ ይሆናል። ስሜት ከሆነ የምትፈልጉት፣ ሰብሰብ ብላችሁ የምታዩ ከሆነ፣ ከግላዲያተር ይበልጣል እላለሁ፣ ጦርነቱ ሰፋ ያለ ነው፣ ሙዚቃው አንጀት ይበላል። እውነት ከሆነ የምትፈልጉት ግን ከሁሉም የባሰ ውሸት ያለበት እሱ ነው። በ1297 የተደረገው የስተርሊንግ ድልድይ ጦርነት ላይ ድልድዩ ራሱ የለም፣ ጦርነቱን ያሸነፉት እኮ በድልድዩ ምክንያት ነው፣ እንግሊዞቹ ጠባቡን ድልድይ ከፊላቸው ተሻግረው ከፊላቸው ሳይሻገሩ ነው የተመቱት። ከዋላስ ጋር ፍቅር የያዛት የምትመስለው ልዕልት በዛን ሰዓት ትንሽ ልጅ ነበረች፣ እንግሊዝ አገር የመጣችው ዋላስ በ1305 ከተገደለ በኋላ ነው። የሚለብሱት ቀሚስም የዛ ዘመን አይደለም።

ብሬቭኸርት ላይ እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ሰው ነው፣ ሮበርት ብሩስ፣ የስኮትላንድ ባላባት ልጅ። ልጁ ዋላስን ያከብራል፣ ልቡ ወደሱ ነው፣ አባቱ ደግሞ በስጋ ደዌ ፊቱ የተጎዳ ሰው፣ ጨለማ ክፍል ተዘግቶ ቁጭ ብሎ ይመክረዋል፣ ምክሩ ሁሉ የብልጠት ነው፣ ቤታችን ይቆይ ርስታችን ይቆይ የሚል። ሽማግሌው እሱ ነው፣ እና መጥፎ ሽማግሌ ነው። ጋሼ ይሄን ሰው ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል፣ «ሽምግልና የገባው ሰው የራሱን ርስት አያስብም» ይላሉ። መጨረሻው ላይ ያለው የማሰቃየት ሲን በጣም ከባድ ነው፣ ልጅ ካለ ቀድማችሁ አስወጡ።

በዛው ዓመት፣ በ1995፣ በዛው አገር ታሪክ ላይ ሮብ ሮይ የሚባል ፊልም ወጥቷል፣ ብሬቭኸርት ሸፈነው እንጂ ክብር የሚባለውን ነገር በደንብ የገባው እሱ ነው ባይ ነኝ። ሊያም ኒሰን ነው። ዘመኑ 1713 ነው፣ ሰውዬው ከአንድ ባላባት 1,000 ፓውንድ ይበደራል፣ ገንዘቡ መንገድ ላይ ይሰረቃል፣ ባላባቱ «እገሌ ከሃዲ ነው ብለህ መስክርልኝና እዳህን ልተውልህ» ይለዋል፣ እምቢ ይላል። በቃ ታሪኩ ይሄው ነው፣ በሐሰት አልመሰክርም ብሎ ቤቱ ይቃጠላል። በሚስቱ ላይ ክፉ ነገር ይደርስባታል፣ እሷ ደግሞ ባሏ ደም ፍለጋ ወጥቶ እንዳይገደል ብላ ሆዷ ውስጥ ትደብቀዋለች። የሱ ክብር ቃሉን መጠበቅ ነው፣ የሷ ክብር ዝም ማለት ነው፣ የማን ይከብዳል ብላችሁ ብታስቡ ሌሊቱን አትተኙም። መጨረሻው ላይ ያለው የሰይፍ ፍልሚያ ድካሙ ይታያል፣ ሰይፍ ከባድ መሆኑ ይታያል፣ ሙዚቃ እንኳን አያጅበውም። ከቤተሰብ ጋር ግን በፍፁም፣ ለብቻችሁ ወይ ከባለቤታችሁ ጋር እዩት።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ የበረሃው አንበሳ። ላየን ኦቭ ዘ ዴዘርት ነው በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛ ስትፈልጉ ዑመር አልሙኽታር ብላችሁ ፈልጉ። 1981 ነው፣ ሙስጠፋ አቃድ ነው የሰራው፣ አንቶኒ ክዊን ነው ሽማግሌውን የሆነው፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚጎድለው። ዑመር አልሙኽታር የቁርአን አስተማሪ ነበሩ፣ ሊቢያ ውስጥ ጣሊያንን 20 ዓመት ገደማ ተዋጉ፣ በመስከረም 1931 ተይዘው በአምስተኛው ቀን ተሰቀሉ፣ ሲሰቀሉ ከ70 ዓመት በላይ ነበሩ። ከሳቸው ፊት ለፊት የቆመው ጄኔራል ማነው ካላችሁ ግራዚያኒ ነው። ያው ግራዚያኒ። የኛው።

ይሄን ሐረርና ድሬ ለተወለደ ሰው ማብራራት አይጠበቅብኝም፣ ለሌላው ግን ልንገር። ግራዚያኒ ከሊቢያ በኋላ በሶማሊያ በኩል የደቡቡን ጦር ይዞ የመጣብን ሰው ነው። መጋቢት 1928 ሐረር በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበች። ሚያዝያ 30 ጦሩ ሐረር ገባ፣ በማግስቱ ድሬዳዋ ላይ ከአዲስ አበባ በባቡር ከመጣው ጦር ጋር ተገናኘ። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አያቴ፣ የጋሼ አባት፣ ሐረር ቦምብ ሲወርድ ልጅ ነበሩ፣ ጀጎል ውስጥ ሆነው የሰሙትን ድምፅ እስኪሞቱ ድረስ ነው ያወሩት። ያን ፊልም ቤታችን መጀመሪያ የከፈትን ቀን አያቴ በህይወት ነበሩ፣ ግራዚያኒ ነው ስንላቸው ቀና ብለው ቁጭ አሉ፣ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፣ እስኪያልቅ ድረስ አላነሱትም። ሲያልቅ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «ሊቢያዎቹም እንዲህ ተደርገዋል?» አሉ። እኛ ብቻ ነን ብለው ነበር ያን ሁሉ ዓመት።

ፊልሙ ላይ ዑመር አልሙኽታር በቀል የሚገባቸው ሰው ናቸው፣ መንደራቸው ተቃጥሏል፣ ሰዎቻቸው በሽቦ አጥር ውስጥ ታጉረዋል፣ ግን አንድ ወጣት የጣሊያን መኮንን ሲማረክ ተዋጊዎቹ እንግደለው ይላሉ፣ እሳቸው እምቢ ይላሉ፣ እነሱ እኮ የኛን ይገድላሉ ሲሏቸው የሚመልሱት መልስ አጭር ነው፣ እነሱ አስተማሪዎቻችን አይደሉም የሚል። እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቁመን ነው የተያየነው። በሌላው ፊልም ሁሉ ሽማግሌው አንድ ቦታ ተዋጊው ሌላ ቦታ ነው፣ እዚህ አንድ ሰው ውስጥ ናቸው፣ ጠመንጃውን የያዘውም ልጆቹን የሚመክረውም እሳቸው ናቸው። መነፅራቸውን ደግሞ ተከታተሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መነፅሩን እዩ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ጣሊያን ውስጥ ይሄ ፊልም በ1982 የሰራዊቱን ክብር ይነካል ተብሎ ታገደ፣ በቴሌቪዥናቸው የታየው በ2009 ነው። ክብር የሚለውን ቃል ሁለቱም ወገን ነው የሚጠቀመው፣ አስቡት። ሌላ የሚገርም ነገር፣ ግራዚያኒን የሆነው ተዋናይ ኦሊቨር ሪድ ግላዲያተር ላይ ማክሲመስን ገዝቶ የሚያሰለጥነው ፕሮክሲሞ ነው፣ ያን ፊልም እየሰሩ ማልታ ላይ በ1999 ሞቶ ነው የቀረውን ክፍሉን በኮምፒውተር የጨረሱለት። ሁለቱን ፊልም ተከታትላችሁ ብታዩ ያንን ፊት ትለዩታላችሁ።

እንግዲህ በግላዲያተርና በበረሃው አንበሳ መሀል ምረጡ ብትሉኝ፣ ደክሟችሁ ከስራ ከገባችሁ ግላዲያተር፣ ከአባት ከአያት ጋር ከሆናችሁ የበረሃው አንበሳ፣ ያለ ምንም ማመንታት። የሚያሳፍር ነገር የለበትም፣ ወሬ ያስጀምራል፣ ሽማግሌዎች የማያወሩትን ያወራሉ።

ቤን ኸር ደግሞ ለሌላ ቀን ነው። የ1959ኙን ማለቴ ነው፣ በ2016 የተሰራውን ተዉት፣ ስሙን ብቻ አይታችሁ ዳውንሎድ እንዳታደርጉ። 3 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ነው፣ 11 ኦስካር ወስዷል። ታሪኩ የሁለት ጓደኛሞች ነው፣ አንዱ አይሁዳዊ አንዱ ሮማዊ፣ ልጅ ሆነው አብረው ያደጉ፣ ከጣራ ላይ በወደቀ ሸክላ ምክንያት ነገሩ ይበላሻል፣ አንድ የጣራ ሸክላ! የአይሁዱ እህት ሰልፉን ለማየት ጎንበስ ስትል ሸክላው ተንሸራቶ አዲሱ ገዢ ፈረስ ላይ ሆኖ ሲያልፍ ይመታዋል፣ ሮማዊው ጓደኛ ሆን ተብሎ እንዳልሆነ እያወቀ ስሙ እንዲፈራ ብሎ ጓደኛውን ለመርከብ ቀዛፊነት እናቱንና እህቱን ለእስር ይዳርጋል። የሰረገላው ውድድር እስካሁን አልተደገመም፣ እውነተኛ ፈረሶች፣ እውነተኛ አቧራ። ነጮቹ አራት ፈረሶች የአንድ ዐረብ ሼክ ናቸው፣ ስማቸው የኮከብ ስም ነው፣ ሼኩ እንደ ልጆቹ ነው የሚያናግራቸው፣ ሐረር ዘመድ ያለው ሰው ያን ሼክ ያውቀዋል እላለሁ፣ እንግዳ አቀባበሉ ሁሉ።

ቤን ኸርን ከሌሎቹ የሚለየው ግን በቀሉ መሀል ላይ ማለቁ ነው። ጠላቱ ይሸነፋል፣ ፊልሙ ግን ገና አንድ ሰዓት ገደማ ይቀረዋል። ሌሎቹ ፊልሞች እዛ ጋ ይዘጋሉ፣ ይሄ ግን ከዛስ? ብሎ ይጠይቃል። ሰውዬው ደሙን መልሶ አልረካም፣ የባሰ ከረረ፣ እናቱና እህቱ በስጋ ደዌ ተይዘው ከሰው ተለይተው ዋሻ ውስጥ ነው ያሉት። ከሐረር ወጣ ብሎ ቢሲዲሞ ያለውን የስጋ ደዌ ሆስፒታል የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ዝም ብሎ ማየት አይችልም። የምትወደው ልጅ፣ አስቴር፣ ያንን የምትጠላውን ጓደኛህን ራሱን ሆነሃል ትለዋለች። ሽማግሌዋ እሷ ናት። ወጣት ሴት ናት፣ የማንም ዳኛ አይደለችም፣ መሀል የገባችው ግን እሷ ናት። ፋሲካ ሰሞን፣ ቤት ሙሉ ሰው ሲሆን፣ ትልልቅ ሰውም ልጅም ሲኖር ይሄን ክፈቱ፣ መሀል ላይ እረፍት አለው፣ እዛ ጋ ቡና ይፈላል።

ሐራኪሪ የጃፓን ነው፣ 1962፣ ማሳኪ ኮባያሺ፣ ጥቁርና ነጭ፣ 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ። በ2011 በከለር ሌላ ተሰርቷል፣ እኔ የምለው የድሮውን ነው። ብዙ ሰው ጥቁርና ነጭ ሲል ያልፈዋል፣ እባካችሁ አትለፉት። ዘመኑ 1630 ነው፣ ጌታው የወደቀበት ስራ ያጣ አንድ ሳሙራይ ወደ ትልቅ ቤት ይመጣና ድህነት አዋርዶኛል፣ ግቢያችሁ ውስጥ በክብር ራሴን ላጥፋ ብሎ ይጠይቃል። የቤቱ አዛዥ ሊያስፈራራው ብሎ ባለፈው እንዳንተው መጥቶ የነበረ አንድ ልጅ ምን እንደደረሰበት ይተርክለታል። ያ ልጅ የያዘው ሰይፍ የቀርከሃ ነበር። እውነተኛውን ሸጦት ነው። ለምን እንደሸጠው፣ ለማን ብሎ እንደሸጠው በኋላ ነው የምታውቁት፣ ስታውቁ የቀርከሃው ሰይፍ ድምፅ ተመልሶ ይመጣባችኋል። ሲደረግ ያየሁት ቀን እጄን አፌ ላይ ነበር ያደረግኩት፣ በቀርከሃ!

ሰውዬው ቁጭ ብሎ ማውራት ይጀምራል፣ ግቢው መሀል ነጭ ምንጣፍ ላይ፣ ሰይፍ የያዙ ሰዎች ከበውት፣ ፊልሙ አብዛኛው ወሬ ነው። ጠላቶቹ ላይ ያደረገውን ነገር ሲገልጥ ደግሞ መግደልን የሚያስንቅ ነው፣ አልነግራችሁም። ሽማግሌው አዛዡ ነው፣ መፍረድ የሚገባው፣ ታሪኩን ሰምቶ ወገኑን መውቀስ የሚገባው እሱ ነበር፣ እሱ ግን የቤቱ ስም እንዳይጎድፍ ብቻ ነው የሚያስበው። ከብሬቭኸርቱ አባት ጋር አነፃፅሯቸው፣ ያኛው ለርስት ይሄኛው ለስም። ክብር የሚባለው ነገር ሰው ሳይኖርበት ባዶ የጦር ልብስ ብቻ ሆኖ ሲቀር ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ ያሳየኝ ፊልም የለም። በትርጉም ግን አትዩት፣ ዝምታው ላይ ድምፅ ከገባ ሞተ ማለት ነው፣ በሰብታይትል፣ ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ቢቻል በትልቁ ቲቪ። ከሰዓት በርጫ ላይ ከሰው ጋር ለማየት ሞክረን አልሆነም፣ ሰው ያወራል፣ ይሄ ፊልም ደግሞ ወሬ የሚጋራው አይፈልግም።

የሕንድ የሚወድ አለ፣ ድሬ ደግሞ የሕንድ የማይወድ ማን አለ። ባሁባሊ አለላችሁ፣ የመጀመሪያው 2015 ሁለተኛው 2017፣ ሁለቱ ሲደመሩ ከ5 ሰዓት በላይ ናቸው፣ መንግስቱ የፈጠራ ስለሆነ ታሪክ አትፈልጉበት። እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው፣ የታሰረችው ንግስት 25 ዓመት ሙሉ በሰንሰለት ሆና ጭራሮ ትለቅማለች፣ ያሰራትን ሰው የምታቃጥልበትን እንጨት ነው የምትሰበስበው፣ አንድ አንድ ጭራሮ። ቂም ሲባል ከዚህ በላይ የሚታይ ነገር የለም። ልጆች ካሉ ይሄ ከሁሉም ይሻላቸዋል። የቱርኩን ኤርቱግሩልን የጀመረ ሰው ደግሞ ሌላ ምርጫ አያስፈልገውም፣ 5 ሲዝን ነው፣ ወራት ይወስድበታል። የኛ የለም ወይ ለምትሉ ኃይሌ ገሪማ በ1999 የሰራው አድዋ አለ፣ ዶክመንተሪ ነው እንጂ ድራማ አይደለም፣ እያወቃችሁ ክፈቱት።

መብራት ነገር ካሳሰባችሁ፣ ሁሌም ያሳስባል፣ ቤን ኸርን ምሽት 2 ሰዓት ላይ አትጀምሩ፣ መሀል ላይ ቢጠፋ የሚቀረው ምርጡ ነው። ላፕቶፕ ቻርጅ አድርጋችሁ ሐራኪሪን ወይ ሮብ ሮይን እዩ፣ አጠር ይላሉ። ስልክ ላይ ብቻ የምታዩ ከሆነ ሮብ ሮይ ይሻላል፣ የሰው ፊት ነው የበዛበት፣ ቤን ኸርና የበረሃው አንበሳ ስልክ ላይ ጉንዳን ነው የሚመስሉት። ዳታ ለመቆጠብ በጣም የተጨመቀውን ፋይል የምታወርዱ ሰዎችም አላችሁ፣ ብሬቭኸርትን እንደዛ ብታዩት ችግር የለውም፣ ሐራኪሪን ግን አታድርጉት፣ ጥቁሩ ሁሉ ጭቃ ይሆናል።

ማየት የምፈልገውና የትኛውም ፍላሽ ላይ ያላገኘሁት አንድ ታሪክ አለኝ፣ የራሳችን ነው፣ ሐረር ጀጎልን የረገጠ ሰው ግንቡን በእጁ ዳስሶታል። በኛ 1535 ወይና ደጋ ላይ ኢማም አህመድ ተገደሉ፣ ያሸነፉት አፄ ገላውዴዎስ ናቸው። የኢማሙ ሚስት ባቲ ድል ወንበራ ወደ ሐረር ተመለሰች። የኢማሙን ደም ለሚመልስ ካልሆነ አላገባም አለች፣ የወንድም ወይ የእህት ልጃቸው የሆኑት አሚር ኑር አገቧት፣ በ1551 አፄ ገላውዴዎስ ጦርነት ላይ ሞቱ፣ ራሳቸው ተቆርጦ ሐረር ተወሰደ። ግንቡን ያሰሩትም አሚር ኑር ናቸው። ይሄ ታሪክ ሐረር ሲተረክ አንድ አይነት ነው፣ ጎጃምና ጎንደር ሲተረክ ሌላ አይነት ነው፣ የአንዱ ሰማዕት የአንዱ ጠላት ነው፣ ስለዚህ የሚሰራው ሰው የሁለቱንም ቤት ለቅሶ የሚያውቅ መሆን አለበት፣ አለዚያ ባይሰራው ይሻላል።

ይሄን አንድ ቀን ሐረር ከጋሼ ጋር አሚር ኑር መቃብር አጠገብ ቆመን ስናወራ የተለመደውን ጠየቅኳቸው፣ እዚህ ታሪክ ውስጥስ ሽማግሌው ማን ነበር? ትንሽ አሰቡና ሁለቱ እናቶች አሉኝ። እውነት ነው፣ ከበቀሉ በፊት አንድ ነገር ተደርጎ ነበር። የድል ወንበራ ልጅ መሐመድ በገላውዴዎስ እጅ ምርኮ ነበር፣ የገላውዴዎስ ወንድም ሚናስ ደግሞ በኢማሙ ወገን ተማርኮ እስከ የመን ተልኮ ነበር። ያኛዋ እናት እቴጌ ሰብለ ወንጌል፣ ይህችኛዋ ድል ወንበራ። ሁለቱም ባላቸውን በዛ ጦርነት ሰበብ ያጡ፣ ሁለቱም ልጃቸው በጠላት እጅ ያለ። እና ተላላኩ፣ ተስማሙ፣ ልጆቹ ተለዋወጡ፣ ሁለቱም ልጆች በህይወት ቤታቸው ገቡ። ሚናስ በኋላ ንጉስ ሆኗል። ፊልሙን የሚሰራ ሰው ከተገኘ፣ እኔ ብሆን ከጦርነቱ አልጀምርም፣ ከሁለቱ ልጆች ነው የምጀምረው፣ አንዱ ሲሄድ አንዱ ሲመጣ፣ መሀል መንገድ ላይ ሲተላለፉ አንዳቸው የሌላውን ፊት ሲያዩ።